ቱርክ ባሕር ላይ፦ ጀልባ መከራየት ወይስ ጉሌት ላይ ካቢን መያዝ?

ሐምሌ በተቃረበ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። «ያ ቱርክ የሄዳችሁበት የጀልባ ጉዞ ስንት ፈጀባችሁ?» ለእያንዳንዱ ሰው የድምፅ መልእክት ከምልክ እዚህ ልጻፈው። ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ካቻምና አራት ሆነን የሸራ ጀልባ ተከራየን፣ ዓምና ደግሞ ጉሌት በሚሉት የእንጨት ጀልባ ላይ ካቢን (ትንሽ መኝታ ክፍል) ያዝን። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ጉሌት ያዙ።

የማወራው ከፈትሂዬ ተነስቶ በካሽ በኩል እስከ ደምሬ ስላለው ዳርቻ ነው። የጥንት ስሙ ሉቅያ ነው። የሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ መርከብ የቀየረባት ሙራ የዛሬዋ ደምሬ ናት፤ ቅዱስ ኒቆላዎስም ጳጳስ የነበረው እዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አሁንም አለ። ከተማዋ ዳር ያለው ገደል ላይ ደግሞ ከአለት የተፈለፈሉ መቃብሮች ተደርድረዋል፣ ሳያቸው ላሊበላ ነው ትዝ ያለኝ።

ወደ ገንዘቡ ልግባ። የተከራየናት ጀልባ ለሳምንት 2,400 ዩሮ ተባለች። ለአራት ስናካፍለው 600 ነው፣ ርካሽ መሰለን። ግን ማናችንም የመንዳት ፈቃድ የለንም፣ ስለዚህ ካፒቴን ያስፈልጋል፤ በቀን 180፣ ለሰባት ቀን 1,260። የጽዳትና የወረቀት 200፣ ናፍጣ 190፣ ሁለት ሌሊት ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) 150፣ ምግብ 600 (ካፒቴኑን የምትመግቡት እናንተ ናችሁ፣ አንዱን ካቢንም የሚይዘው እሱ ነው)። ተደምሮ 4,800። ለአንድ ሰው 1,200 ዩሮ፣ በቀን 171 ገደማ ማለት ነው። ማስያዣው በዚህ ውስጥ የለም።

ስለ ማስያዣው ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። 2,500 ዩሮ ካርዴ ላይ ተያዘ። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤቱ ተደፈነ፣ በአራተኛው የትንሿ የጎማ ጀልባ ሞተር አልነሳ አለ፤ ካፒቴኑ ካንዴላውን አውጥቶ ሲያየው አሮጌና የዛገ ነበር። ስንመልስ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ተብሎ 350 ዩሮ ተቆረጠ። ስንረከብ ሞተሩን አስነስተን በቪዲዮ አልቀረጽንም ነበር፣ በምን እንከራከር? የግድ የምትከራዩ ከሆነ የጎማ ጀልባውን ሞተር፣ የመልሕቁን ማንሻና የሽንት ቤቱን ፓምፕ አከራዩ ፊት አሠሩ፣ ቅረጹ። ፈትሂዬና ጎጄክ አካባቢ ደግሞ ማቪ ካርት የሚባል ካርድ አለ፤ የቆሻሻ ውኃችሁን ወደብ ላይ አስመጥጣችሁ ታስመዘግባላችሁ፣ ባሕር ላይ ከደፋችሁ ቅጣት ነው። ሥራው በዚህ አያበቃም። ጸጥ ያለ ወሽመጥ ውስጥ ለማደር መልሕቅ ከጣላችሁ በኋላ አንድ ሰው ገመድ ይዞ እየዋኘ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ማሰር አለበት። በየምሽቱ እኔ ነበርኩ።

ጉሌት ሰፊ የእንጨት ጀልባ ነው፣ ከነካፒቴኑና ከነአብሳዩ። አራት ቀን ሦስት ሌሊት፣ ምግብን ጨምሮ 330 ዩሮ ከፈልኩ፣ መጠጥ 45 ሆነ። በቀን 94 ዩሮ ገደማ። ገመድ የሚያስረው ሌላ ሰው ነው። ሸራ መወጠር የምትወዱ ከሆነ ግን አይሆናችሁም፣ አብዛኛውን መንገድ በሞተር ነው የሚሄደው። ካቢኑም ጠባብና ሞቃት ነው። እኛ ፍራሽ አውጥተን ላዩ ላይ ነበር የምናድረው፣ ኮከቡን እያየን፣ እሱ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

ሲይዙ የሚጭበረበሩ ብዙ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ በፎቶ ያየው ጉሌት ሌላ፣ ወደብ ላይ የጠበቀው ሌላ ሆነበት። ስለዚህ የጀልባውን ስም በጽሑፍ ጠይቁ፣ የዚያኑ ጀልባ የቅርብ ቪዲዮ አስልኩ። የመጠጥ ውኃ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ጄኔሬተሩ ማታ ይጠፋል ወይ? የት ነው የምንወርደው? ከደምሬ ወዲያ ወዳለው «ኦሊምፖስ» ብለው የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ደምሬ ላይ አውርዶ በሚኒባስ ነው የሚወስዳችሁ። «ኬኮቫ የሰመጠችው ከተማ ላይ ትዋኛላችሁ» የሚላችሁ ካለ ደግሞ አትመኑት፤ ፍርስራሹ ላይ መዋኘት ክልክል ነው፣ ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ብቻ።

ከካሽ የሚነሳ የቀን ጀልባም አለ፣ ከሁሉም ይረክሳል። ጊዜ ለሌለው ይሁን። ግን አመሻሽ ላይ ይመለሳል፤ ኬኮቫ አጠገብ ያለችው የካሌኮይ መንደር ደግሞ የምታምረው የቀኖቹ ጀልባዎች ከሄዱ በኋላ ነው። ከምሽጉ ላይ ሆናችሁ ባሕሩ ውስጥ ብቻውን የቆመውን የድንጋይ ሣጥነ መቃብር ታያላችሁ፣ ድምፅ የለም።

ፈቃድ ያለው ሰው ካላችሁና ስድስት ከሆናችሁ ኪራዩ ሊያዋጣ ይችላል፣ አልክድም።

ፍልሰታን የምትጾሙ፣ ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁ ለአብሳዩ ቀድማችሁ «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ የለም» በሉት። በወይራ ዘይት የሚሠሩት ባቄላና ደበርጃን በጣም ይጣፍጣል። ነሐሴ ግን ውድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው መልተም የሚሉት ነፋስም ያንገላታል። መስከረም ላይ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ሰዉ ይቀንሳል። እኛ ዘንድሮ እንቁጣጣሽን እዚያው ለማሳለፍ መስከረም 1 ከፈትሂዬ የሚነሳ ጉሌት ላይ ሁለት ካቢን ይዘናል።