ጉግስ ወይስ ግልቢያ? እንጅባራ ላይ የቱን ልይ?

ፈረስ ማየት ለሚወድ ሰው ጥር 23 የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ መገኘት ይበቃዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ የሚያከብረው በዓል ያን ቀን ነው፤ ዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞችም ይታወሱበታል።

በበዓሉ የፈረስ ግልቢያ ውድድርም ጉግስም አለ። ግልቢያው ለማየት ቀላል ነው። ማን እንደቀደመ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ፍጥነቱ ልብ ይሰቅላል፣ ግን ቶሎ ያልቃል።

ጉግስ ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። እዚህ ፍጥነት ብቻውን አያዋጣም። ፈረሱ በድንገት መታጠፍ፣ ጋላቢውም ልጓሙን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ኋላ መዞር አለበት። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው፤ የሰውና የፈረስ መግባባት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። (ጌጡንም አትለፉት፤ ኮርቻውንና ግላሱን፣ ማለትም ፈረሱ የሚለብሰውን ጌጠኛ ጨርቅ፣ ቀረብ ብላችሁ እዩ።)

ለፈረስ አዲስ ከሆናችሁ ግን ከግልቢያው ጀምሩ። ጉግሱ ላይ ደግሞ ዘንጉን ትታችሁ የሚሸሸውን ፈረስ ተከታተሉ። ከሜዳው ጠርዝም ራቅ በሉ፤ የተወረወረ ዘንግ ተመልካች ጋ ሊደርስ ይችላል።