አንድ ቀሚስ በአራት ፓተርን፦ ለልጅ ልብስ የቱ ይሻላል?

ልጄ አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ቁመቷ 108 ሳንቲ ሜትር፣ ደረቷ 56 ነው። ቀጠን፣ ረዘም ያለች ልጅ ናት። ከሱቅ የአምስት ዓመት ልብስ ስገዛላት ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ትከሻዋን የሚይዘውን ስገዛ ደግሞ ያጥራታል። ቤት ውስጥ መስፋት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፈው ክረምት ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ ልሰፋላት ተነሳሁና ከፓተርኑ ምርጫ ላይ ቆምኩ። ፓተርን ማለቴ ጨርቁ ላይ ተነጥፎ የሚቆረጥበትን የወረቀት ቅድ ነው። ገበያው ላይ ያለው ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ ሳይስተካከል ለልጄ አይሆንም። ስለዚህ አንዱን ቀሚስ በአራት መንገድ ሞከርኩት። ክብ አንገት፣ አጭር እጅጌ፣ ወገቡ ላይ ሽብሽቦ ያለው ቀላል ቀሚስ ነው። ለሙከራ አቡጀዲ፣ ለዋናው ከመርካቶ የገዛሁትን ፖፕሊን ተጠቀምኩ። ጨርቁን ከመቁረጤ በፊት አጥቤ ተኩሼዋለሁ። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከሚሰበሰብ ቀድሞ ቢሰበሰብ ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ለኩ

ዕድሜውን እርሱት። የሚያስፈልጋችሁ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ እንዲሁም ከአንገት ጀርባ ካለው ጎላ ያለ አጥንት እስከ ወገብ ያለው ርዝመት ነው። ትንንሽ ልጆች ላይ ወገብ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሆዳቸው ወጣ ያለ ነውና። ላስቲክ እሰሩለትና ትንሽ ይዝለል። ላስቲኩ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ ወገቡ ነው።

ከዚያ ፓተርኑን በደረት ልክ ምረጡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጨርቅ አበላሽቼ ስለተማርኩት ነው። ርዝመት መጨመር ወረቀቱን በአግድም አንዴ መቁረጥ ነው። ስፋት መቀነስ ግን አንገትን፣ ትከሻን፣ የብብቱን ዙሪያና የእጅጌውን ራስ ሁሉ ይነካል። አንዱን ስትነኩ ሌላው ይዛባል። ሰፊውን ገዝቶ ከማጥበብ ልክ የሆነውን ገዝቶ ማርዘም በብዙ ይቀላል።

የታሸገው የአሜሪካ ፓተርን

ሲምፕሊሲቲ፣ ማኮልስና በተሪክ የሚባሉት ናቸው። በፖስታ ታሽገው ይሸጣሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ሊይዝላችሁ ይችላል፤ ክብደት የላቸውም።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር የቆየ ታሪክ አለው። ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል የማሳቹሴትስ ልብስ ሰፊ በ1863 (እንደ ፈረንጆቹ) በተለያየ ቁጥር የተዘጋጁ የወረቀት ፓተርኖችን መሸጥ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የወንድ ልጆች ልብስ ነበረበት። ከዚያ በፊት የነበረው ፓተርን በአብዛኛው በአንድ ልክ የሚመጣ ነበር፤ ማሳደጉም ማሳነሱም የሰፊዋ ዕዳ ነበር።

ወደ ቀሚሱ ልመለስ። በእነዚህ ፓተርኖች ሰንጠረዥ ላይ ቁጥር 3 ማለት ደረቱ 22 ኢንች የሆነ ልጅ ነው። ቁጥር 4 ደግሞ 23፣ ቁጥር 5 ደግሞ 24 ኢንች። የልጄ 56 ሳንቲ ሜትር 22 ኢንች ነው። ስለዚህ ለአምስት ዓመት ተኩል ልጅ ቁጥር 3 ቆረጥኩ። እጄ እየፈራ ነበር የቆረጥኩት። አቡጀዲውን ስታደርገው ግን ትከሻው ልክ ቁጭ አለ። ያጠረው ርዝመቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ይህ ፓተርን ጎበዝ ነው። ማርዘሚያና ማሳጠሪያ የሚሆን መስመር ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይመጣል። የላይኛውን ክፍል በመስመሩ ቆርጬ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ከፈትኩት፤ ጉርዱን 6 ሳንቲ ሜትር። ክፍተቱን ከሥር በወረቀት ለጥፌ ጎኖቹን እንደገና አሰመርኩ። ከመቁረጣችሁ በፊት ከላይ እስከ ታች የክሩን አቅጣጫ ተከትላችሁ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ስትለጥፉት ያ መስመር ካልተሰበረ ቅዱ አልተጣመመም ማለት ነው። የፊቱን የከፈታችሁትን ያህል የኋላውንም ክፈቱ።

ጉርዱን ብቻ አርዝሞ መተው ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት ነው። እንደዚያ ካደረጋችሁ ሽብሽቦው ብብት ሥር ይቀራል፤ ልጅቷም የታናሿን ልብስ የለበሰች ትመስላለች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ቁጥሩ ሲያንስ አንገቱም ያንሳል፤ የልጄ ጭንቅላት ግን አላነሰም። ዙሪያው 51 ሳንቲ ሜትር ነው። አንገቱ ከዚያ ካልሰፋ ከኋላ መሰንጠቅና ቁልፍ ማድረግ የግድ ነው። ፓተርኑ ላይ የነበረውን ስንጥቅ 3 ሳንቲ ሜትር አስረዘምኩት።

ለስፌት የሚተወው ትርፍ (አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ 1 ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ) ወረቀቱ ውስጥ ተካቷል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ጉዳቱ ወረቀቱ እንደ ሶፍት ስስ መሆኑና መመሪያው በኢንች መሆኑ ነው። ደግሞም «ቶድለር» (ገና መራመድ ለጀመረ ሕፃን) እና «ቻይልድ» (ከፍ ላለ ልጅ) የሚሉ ሁለት ምድቦች አሉ። ቁጥር 3 በሁለቱም ውስጥ አለ፤ የቶድለሩ ግን አጠር ብሎ ለዳይፐር ቦታ የተተወለት ነው። ፖስታው ላይ የቱ እንደሆነ ሳታዩ አትክፈሉ።

መጽሔቶቹ

ፓተርን አብሯቸው ታትሞ የሚመጣ የስፌት መጽሔቶች ናቸው። የጀርመኑ ቡርዳ ከ1950 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ አለ። የፊንላንዱ ኦቶብሬ ደግሞ የልጆች ልብስ ላይ ያተኩራል። ብዙ ልጆች ካሏችሁ ከሁሉም የሚያዋጣው ኦቶብሬ ነው፤ በአንድ እትም ውስጥ ከሕፃን እስከ ጎረምሳ የሚሆን ብዙ ሞዴል ታገኛላችሁ። ቡርዳ መጽሔት ላይ የልጆች ገጽ ትንሽ ስለሆነ ለልጅ ብቻ ብላችሁ አትግዙት።

ቁጥሩ ቀላል ነው። የአውሮፓ ቁጥር በቀጥታ የልጁ ቁመት ነው፦ 98፣ 104፣ 110፣ 116 እያለ በ6 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ለወፍራምም ለቀጭንም ልጅ ግን መጽሔቱ ላይ ያለውን የደረት ሰንጠረዥ ማየት አለባችሁ። እኔ የ98ቱን ስፋት ከ110ሩ ርዝመት ጋር አዋሃድኩት። ሁሉም ቁጥሮች አንድ ላይ ስለሚሰመሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል።

ችግሩ ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ የበርካታ ልብሶች መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቧል። የእናንተን መስመር እየተከተላችሁ በስስ ወረቀት መገልበጥ አለባችሁ። ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፤ ዓይንም ይፈትናል። ለስፌት የሚተወውም ትርፍ አልተካተተም። እሱን ረስቶ የቆረጠ ሰው ልብሱ በየጎኑ ይጠብበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሰፋ ሰው አልመክረውም። ሁለተኛና ሦስተኛ ልብሷን ለምትሰፋ ግን አዎ።

የሚታተመው ፒዲኤፍ

ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ስለሆነ ወዲያው ይገኛል። ነጻ የሆኑም አሉ። የሚከፈልባቸውን ከኢትዮጵያ መግዛት ካርድ ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚከፍልልን ውጭ ያለ ሰው ነው። ፋይሉ ግን አንዴ ከተገዛ ልጁ ሲያድግ የሚቀጥለውን ቁጥር እንደገና ማተም ነው። አንዳንዶቹ የምትፈልጉትን ቁጥር መስመር ብቻ ለይታችሁ እንድታትሙ ያደርጋሉ። ይህን እወደዋለሁ፤ መስመር አያምታታም።

ያስለቀሰኝም ግን ይኸው ነው። ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት 22 ገጽ አሳተምኩ። ቤት ገብቼ ለጥፌ፣ ቆርጬ፣ ሰፋሁ። ቀሚሱ አልገባ አላት። በኋላ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የመለኪያ ሳጥን ለካሁት። 5 ሳንቲ ሜትር መሆን የነበረበት 4.7 ሆኗል። ኮምፒውተሩ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት አሳንሶታል። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ዙሪያው 64 መሆን የነበረበት ቀሚስ 60 ሆነ ማለት ነው። ለመተንፈሻ ተብሎ የተተወው ግማሹ ጠፋ።

ስለዚህ አታሚውን «መጠኑ 100 በመቶ ይሁን» በሉት። መጀመሪያ ሳጥኑ ያለበትን አንዱን ገጽ ብቻ አሳትሙና እዚያው በሜትር ለኩት። ልክ ከሆነ የቀረው ይታተም። ፋይሉ ለኤ4 የተዘጋጀ መሆኑንም እዩ። የአሜሪካው ሌተር ወረቀት ከእኛው ኤ4 ሰፋ ብሎ አጠር ያለ ነው፤ ለሱ ብቻ የተሠራ ፋይል ኤ4 ላይ ጠርዙ ሊቆረጥ ይችላል።

ከሳልቫጅ ላይ መቅዳት

ልኩ የሆነ አሮጌ ልብስ ካለ ፓተርኑ እጃችሁ ላይ ነው። ከሌለ ሳልቫጅ ገበያ ሄዳችሁ ሜትር ይዛችሁ ምረጡ። ከአራቱ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። ለጀማሪም ከሁሉ በላይ የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ገና ሳትቆርጡ ልጁን አልብሳችሁ ታዩታላችሁ።

ሰፈራችን በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ ጋሼ አሉ። ልብሱን ሳልፈታ በስፒል እየወጋሁ ወረቀት ላይ ስቀዳ አዩኝና እጅጌውን እንድፈታው መከሩኝ። እውነታቸውን ነው። የእጅጌው ራስ ክብ ስለሆነ ተዘርግቶ አይተኛም፤ ካልተፈታ ትክክለኛ ቅርጹ አይገኝም። ሌላው አካል ግን ለሁለት ታጥፎ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ በስፒል ቢቀዳ በቂ ነው። ስትፈቱ የትኛው ቁራጭ የትኛው እንደሆነ በሳሙና ምልክት አድርጉበት።

ትልቁ ወጥመድ የጨርቁ ዓይነት ነው። ከሚለጠጥ ቲሸርት የተቀዳ ቅድ በፖፕሊን ቢሰፋ ጭንቅላት አያስገባም። የሚለጠጥን ከሚለጠጥ፣ የማይለጠጥን ከማይለጠጥ ቅዱ። አሮጌ ልብስ ደግሞ በእጥበት ብዛት ተሰብስቦ ወይም ተለጥጦ ይሆናል። ከቀዳችሁ በኋላ ከልጁ ልክ ጋር አመሳክሩት።

ለሀበሻ ቀሚስ ከሆነስ?

ለበዓል የሀበሻ ልብስ ለምታስቡ ምርጫው ይለወጣል። ጥለቱ ታች ጠርዝ ላይ ስላለ ታችኛውን ጫፍ መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ጉርዱ ታች ክብ ሆኖ የሚዞር ፓተርን ለዚህ አይሆንም፤ ጥለቱ ቀጥ ያለ ነው፣ አይዞርም። ጉርዱ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ወገቡ ላይ ሽብሽቦ ያለውን ምረጡ። ማሳጠር ቢያስፈልግ ከላይ፣ ከወገቡ በኩል ቆርጣችሁ ታሳጥራላችሁ። ፓተርን መግዛት ያለባችሁ ለላይኛው ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ጫፉ ቶሎ ስለሚተረተር የስፌቱን ትርፍ ከ2 ሳንቲ ሜትር አታሳንሱት፤ እንደቆረጣችሁም ጫፉን ዘምዝሙት።

እኔ ብሆን የምገዛው

የመጀመሪያ ልብሳችሁ ከሆነ ምንም ፓተርን አትግዙ። ከሚሆነው ልብስ ቅዱ። ኮሌታ፣ ዚፕና ኪስ ያለው ሱሪ ወይም ጃኬት ካማራችሁ የታሸገውን የአሜሪካ ፓተርን አስመጡ፤ መመሪያው በሥዕል ደረጃ በደረጃ ይወስዳችኋል። ኮፍያ ያለው ሞዴል ከመረጣችሁ መሳቢያ ገመዱን ተዉት። አውሮፓ ውስጥ ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ልብስ አንገትና ኮፍያ ላይ ገመድ እንዳይኖር የደኅንነት መስፈርት አለ፤ ልጅን ሊያንቅ ስለሚችል ነው። ሦስት አራት ልጆች ካሏችሁና ማታ ጊዜ ካገኛችሁ መጽሔቱ ይሁን። አንድ ልጅ ኖሯችሁ በየዓመቱ ያንኑ ሞዴል ማሳደግ ከፈለጋችሁ ፒዲኤፉ ይበልጣል።

የትኛውንም ብትመርጡ ዋናውን ወረቀት አትቁረጡት። የልጁን ልክ በሌላ ወረቀት ገልብጣችሁ እሱን ቁረጡ። እኔ ፍሊፕ ቻርት ወረቀት እጠቀማለሁ፤ አይቀደድም፣ ሰፊም ነው። ቅጂው ላይ የልጄን ቁመት፣ ደረት፣ ቀኑንና ስንት እንደጨመርኩ እጽፍበታለሁ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ታች እጥፋቱን 5 ሳንቲ ሜትር ተውኩለት። የሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ሲደርስ ስፌቱን ፈትቼ እለቀዋለሁ።