አባትየው መልስ ሳይሰጥ የተቆረጠው ዘፈን

ወጣቱ ልጅቷን ሊጠይቅ ቤታቸው መጥቷል። አባትየው ቃል አጥቶ አቀርቅሯል። ማይኩን በሁለት እጄ ይዤ ለሚቀጥለው ስንኝ ትንፋሼን ስስብ ሙዚቃው ድርግም አለ። ዞር ስል አስተናጋጁ የካራኦኬውን ታብሌት ይዞ ቆሟል። «ረጅም ነው» አለኝ። ይቅርታ እንኳ አላለም። ታብሌቱን አስቀምጦ በረዶ ሊያወጣ ሄደ።

ይህ የሆነው ቶኪዮ ውስጥ፣ ካትሱሺካ፣ እኛ ሐበሾች ተሰባስበን ከምንኖርበት ሰፈር ብዙ በማይርቅ አንድ ስናክ ነው። ስናክ ሲባል መክሰስ ቤት እንዳይመስላችሁ። ሁሉም «ማማ» የሚሏት ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ የምታስተናግድበት፣ ዘጠኝ ወንበር ያለው ትንሽ መጠጥ ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

የተቆረጠብኝ ዘፈን ማሳሺ ሳዳ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው፣ ስለ አንድ አባት ረጅሙ ቀን የሚተርከው ነው። 12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚያ ርዝመቱም በጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ተራኪው ታላቅ ወንድም ነው። እሱና አባቱ መንገድ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ትግል ሲያዩ እህቱ መወለዷን ይሰማሉ። አባትየው የጥንቆላ መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ሳምንት ሙሉ ስም ሲፈልግ ይሰነብትና በመጨረሻ የሚያወጣላት ስም ማንም ሰው ያለው ተራ ስም ነው። ከዚያ ልጅቷ ታድጋለች፣ ጠያቂ ይመጣል፣ አባት ይጮሃል፣ እናት ልታስታርቅ ትሞክራለች። አባትየው እሺ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጄን እሰጥሃለሁ፣ ግን ስለምትነጥቀኝ አንዴ ልምታህ ብሎ።

እህቴ ደሴ ስትዳር እኔ እዚህ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ፣ አባቴ ጋቢውን እያስተካከለ ድምፁን ሲጠራርግ፣ ሁሉንም ያየሁት በስልክ ነው። ኔትወርኩ የተቋረጠው አባቴ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ነበር። ይህን ዘፈን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሦስት ወር በላይም አጠናሁት። ስክሪኑ ላይ ካንጂ ከሚሉት ከባዱ የጃፓን ጽሕፈት አናት የምትጻፈውን ትንሽ ፊደል እያነበብኩ ለመድረስ ስንት ጊዜ ብቻዬን ካራኦኬ ቦክስ፣ በሰዓት የሚከራየው ክፍል፣ እንደገባሁ ጓደኞቼ ያውቃሉ። ስለዚህ አስተናጋጁ ልጅ የማቆሚያውን ቁልፍ ሲጫን የተቆረጠው ዘፈን ብቻ አልመሰለኝም።

የበለጠ ያበሸቀኝ ደግሞ ከእኔ በፊት የሆነው ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የቤቱ ደንበኛ፣ የሚናሚ ሃሩኦን የጦረኛ ዘፈን ዘፍነው ነበር። ከስምንት ደቂቃ ያላነሰ ነው። ሚናሚ ከዘፋኝነቱ በፊት ሮክዮኩ የሚሉት፣ ሻሚሰን በሚባል ባለ ሦስት ክር መሣሪያ የሚታጀብ ትረካ ባለሙያ ነበር፤ ዘፈኑም ግማሹ ዜማ፣ ግማሹ ንግግር ነው። በዘፈኑ ውስጥ የጦር አያያዝ አስተማሪው ደንበኛው የሆነው የሶባ (የኑድል) ሻጭ በእርግጥ ማን እንደሆነ የሚያውቀው በረዶ በሞላበት ሌሊት የጦርነት ከበሮ ሰምቶ ሲሮጥ ነው። ሽማግሌው ያቺ ንግግር ላይ ሲደርሱ ከወንበራቸው ተነሡ። ጉልበታቸው ጠና፣ ድምፃቸው ከሆዳቸው ወጣ። እኔ የሰማሁት ፉከራ ነው። ጎንደር ሠርግ ቤት ሽለላ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢኖር ዱላ ፍለጋ ዞር ዞር ይል ነበር። ሲጨርሱ አስተናጋጁም አጨበጨበ። ለስምንቱ ደቂቃ ማንም ረጅም ነው አላለም።

በነገራችን ላይ ጃፓንኛ ለማይችልም ሐበሻ ጆሮ እነዚህ የድሮ ዘፈኖች ባዕድ አይደሉም። ኤንካ የሚሉት የጃፓን የትካዜ ዘፈን አብዛኛው የሚዘፈንበት ዮናኑኪ የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከትዝታችን ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች አሉት፤ ሜጀሩም፣ ማይነሩም። ረጅም ዘፈን መምረጥ ለሚፈልግ የምመክረውም ከዚህ ይነሣል፤ ደቂቃውን አትቁጠሩ፣ ታሪክ ያለውን ፈልጉ። ኤክስ ጃፓን የተባለው የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሥራ 29 ደቂቃ ነው፣ ሰው ለጀብዱ ይመርጠዋል፤ ግን ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ረጅም ፒያኖ ብቻ ይሰማል፣ ባለማይኩም ቆሞ ግድግዳ ያያል። የሳዳና የሚናሚ ዘፈኖች ግን ተራኪውን አያስቀምጡትም። አድማጭም ቀጥሎ ምን ሆነ ብሎ ይጠብቃል።

ወደ ስናኩ ልመለስ። ሙዚቃው ሲቋረጥ ማማ ጓዳ ድስት ላይ ነበረች። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልጁን «የእኔን ለምን አልቆረጥክም?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። ማማ ወጣች፣ ነገሩን ሰማች፣ ከባንኮኒው ዞራ መጥታ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያም እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ ቅዳሜ ነው፣ አራት ሰው ተራ እየጠበቀ ነው፣ ቤቱ የሚያስከፍለው በዘፈን ነው፣ የእኔ አንድ ዘፈን የሦስት ሰው ተራ ይበላል።

እውነቷን ነው። ሰዓት ከፍሎ በሚገባበት ቦክስ 12 ደቂቃው የራስህ ነው፤ በስናክ ግን ተራው የሁሉም ነው። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ዘፈኑን ከጀመርኩ በኋላ መነገሩን ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት ቢለጥፉ፣ ወይም ልጁ ስመርጥ «ይሄ ለሌላ ቀን ቢሆንስ» ቢለኝ ሌላ እመርጥ ነበር። ካዛንችስ አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ዘፈን መሀል ላይ ሲቆረጥ አያውቅም። አዝማሪውን ግጥም ትሰጠዋለህ፣ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ፣ አፉን ግን አትይዝም።

ማማ ከይቅርታው ጋር አንድ ሳህን ኦደን፣ በመረቅ ቀስ ብሎ የተቀቀለ ድብልቅ ምግብ፣ አመጣችልኝ። ሌሎቹን እንቁላሉንም፣ ቶፉውንም አልፋቸዋለሁ፤ ስለ ዳይኮኑ ግን ዝም ማለት አልችልም። ዳይኮን ነጭ ትልቅ ፍጁል ነው። የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ወፍራም ሆኖ ተቆርጧል፣ ጠርዙ እንዳይፈርስ ዙሪያውን ተልጧል፣ መረቁ እስከ መሀሉ ዘልቆት ቀለሙ ጠላ መስሏል። በቾፕስቲክ ስነካው ያለ ጉልበት ለሁለት ተከፈለ፤ ከውስጡም እንፋሎት ወጣ። ሳህኑ ጥግ ላይ የተቀባች ቢጫ ሰናፍጭ ነበረች። ትንሽ ነካ አድርጌ ስጎርስ እስከ ግንባሬ ወጣች፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። የእናቴ የሁዳዴ ሰናፍጭ እንዲህ ነበረች። ቶኪዮ ውስጥ በብዙ ቦታ ኦደን በልቻለሁ፣ የሱቁንም፣ የጣቢያውን ሥርም፤ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ሽማግሌው ደግሞ አገሬን ጠይቀውኝ ስነግራቸው «አበበ!» አሉ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ዓመት እ.ኤ.አ. 1964 ነው፤ ሚናሚ የኦሎምፒኩን ዘፈንም፣ እሳቸው አሁን የዘፈኑትንም ያሰማው በዚያው ሰሞን ነበር። እሳቸው ልጅ ሆነው አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሲገባ በቴሌቪዥን አይተዋል። ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ጂምናስቲክ ሲሠራ ያዩትን፣ ከባንኮኒው አጠገብ ቆመው በእጃቸው አሳዩኝ።

በዚህ ስሜት ላይ እያለሁ ልቤ ለቤቱ ራርቶ ነበር። ሒሳቡ መጣ። መግቢያ 3,000 የን። ሳላዝዝ ለመጣችው ለማስጀመሪያዋ ትንሽ ሳህን 500 የን፤ ይህ የጃፓን መጠጥ ቤት ልማድ ነው፣ ዛሬም አልለመድኩትም። ካራኦኬ፣ ሁለት ዘፈን፣ 400 የን። የተቆረጠውንም ቆጥረውታል። ጠየቅኩ። ልጁ «ተጀምሯል» አለ። ለ200 የን ብዬ አልተከራከርኩም፤ ግን ዳይኮኑ ያበረደው ንዴት በዚያች ቃል ተመልሶ መጣ። በአራት ኮከብ ሊያልቅ የነበረው ግምገማ ሁለት ላይ ወረደ።

ስሙን ያልጻፍኩት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለተመለስኩ ነው። ማክሰኞ ነበር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ። ማማ ስታየኝ ምንም አልጠየቀችም፤ ታብሌቱን አንሥታ ራሷ ዘፈኑን አስገባችልኝና ማይኩን ጠርጋ ሰጠችኝ። ልጁ ብርጭቆ እያጠበ ነበር። ስሙን ፍለጋ መዝገበ ቃላት የሚገለጥበትን አለፍኩ፣ ልጅቷ ያደገችበትን አለፍኩ፣ ጠያቂው ገባ። አባትየው አቀረቀረ። ባለፈው ሙዚቃው የጠፋበት ቦታ ስደርስ ሳላስበው ወደ ልጁ አየሁ። ቧንቧውን ዘጋ። እጁን በፎጣ አድርቆ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ፤ አባትየው መልስ እስኪሰጥም አልተንቀሳቀሰም።

ሦስት ተኩል ኮከብ። ማክሰኞ ሂዱ፣ ኦደኑን እዘዙ፣ ረጅሙን ዘፈን ከመምረጣችሁ በፊት ማማን አስፈቅዱ። ማስጀመሪያዋ ሳህን አሁንም 500 የን ናት።