ከጽንስ ማቋረጥ በኋላ የሚሸጡ «የማገገሚያ ሳጥኖች»፦ የቱ ይጠቅማል፣ የቱ ይቅር

ከጽንስ ማቋረጥ በኋላ ለማገገም ተብለው የሚሸጡ ሳጥኖች በማሸጊያቸው እንጂ በይዘታቸው ብዙም አይለያዩም፦ ሞዴስ፣ የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ ማስታገሻ ኪኒን፣ ሽቶ ያለው መታጠቢያ፣ «ማህፀን የሚያጸዳ» ሻይ፣ የማጽናኛ ካርድ። ግማሹ ይጠቅማል፤ የቀረው ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሚጎዳ አለ።

ዋናው ዕቃ ሞዴሱ ነው፤ ምክንያቱም ደሙን ከመያዝ አልፎ መለኪያም ነው። በሰዓት 2 ወፍራም ሞዴስ ሙሉ በሙሉ እየራሰ ለ2 ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ልክ የሚሠራው ግን በወፍራሙ ነው። ብዙዎቹ ሳጥኖች ቦታ ለመቆጠብ ስስ ሞዴስ ስለሚከቱ፣ ቶሎ ይሞላና በከንቱ ያስደነግጣል። ሽቶ ያለው ደግሞ ቆዳ ያሳክካል። ብልት ውስጥ የሚገባው ታምፖን የሚፈሰውን መጠን ስለሚደብቅ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ባይመረጥ ይሻላል። ደሙ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ነጠብጣቡ እስከሚቀጥለው የወር አበባ ሊዘልቅም ይችላል። ቀንሶ የነበረው ደም በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ከረጋ ደም ጋር ተመልሶ ቢመጣ፣ የእርግዝናው ሆርሞን ሲወርድ የሚታይ ነገር ነው፤ ከላይ ያለውን ልክ እስካላለፈ ድረስ ብቻውን አያሰጋም።

የውሃ ላስቲኩ ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው በአያያዝ ነው። የፈላ ውሃ አይገባበትም። ሁለት ሦስተኛው ድረስ ተሞልቶ፣ ከመዘጋቱ በፊት አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሆድ ላይ ይቀመጣል። ታቅፎት መተኛት ቆዳ ያቃጥላል። አፉ ዙሪያ የተሰነጠቀ ከሆነ ይጣል።

ማስታገሻው ላይ ሻጮቹ ይሳሳታሉ። ቁርጠቱን የሚያመጣው ማህፀንን የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን ስለሆነ፣ የዚህን ንጥረ ነገር መመረት የሚቀንሰው አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል የተሻለ ያስታግሳል። 400 ሚሊግራም በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ከ1200 ሚሊግራም አይበልጥም። ሕመሙ ሳይጠነክር ቢወሰድ ይመረጣል። አይቡፕሮፌን ሚሶፕሮስቶል (ማህፀንን አኮማትሮ ጽንሱን የሚያስወጣው መድኃኒት) ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋል የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ግን አትውሰደው። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን አይሆንም።

ሻይና መታጠቢያው ይቅሩ። ማህፀን እየተኮማተረ ራሱን ያጸዳል፤ ብልት ውስጥ የሚፈስ ምንም ነገር አያስፈልግም፣ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል እንጂ። ከውጭ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

የሚገርመው፣ ከሳጥኑ የአበባ ሥዕል ይልቅ መግባት የነበረበት ቴርሞሜትር መጥፋቱ ነው። ሚሶፕሮስቶል በተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለትና ማተኮስ የተለመደ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም በማስታገሻ የማይበርድ የሆድ ሕመም ካለ ግን ምርመራ ያስፈልጋል።

አንዳንዱ ሳጥን የእርግዝና መመርመሪያ ጨምሮ «ከሳምንት በኋላ ይሞክሩት» ይላል። ይህ ከሁሉም የከፋ ምክር ነው። የእርግዝናው ሆርሞን ከሽንት ቀስ እያለ ስለሚጠፋ፣ ጽንሱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶም ተራው መመርመሪያ ለ4 ሳምንትና ከዚያም በላይ «አለ» ሊል ይችላል። ከ4 ሳምንት በፊት መሞከር ጭንቀት መግዛት ነው። ከዚያም በኋላ «አለ» ካለ፣ ወይም ማቅለሽለሹና የጡት ሕመሙ ካልለቀቀ በአልትራሳውንድ ይታይ። በሌላ በኩል ጽንሱ ከተቋረጠ በ8ኛው ቀን እንኳ እንቁላል ሊለቀቅ ስለሚችል፣ ኪኒን፣ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ጽንሱ በተቋረጠበት ቀን መጀመር ይቻላል፤ በመድኃኒት ለተቋረጠ ጽንስ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መከላከያ (ሉፕ) ማህፀን ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ይገባል። ኮንዶም የጨመረ ሳጥን ቢገኝ ያስመሰግናል።

የማጽናኛ ካርዱ «ሐዘንሽን አልቅሺ» ይላል፣ ሁሉም ያዘነ ይመስል። አንዷ እፎይ ትላለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፣ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚሆንባትም አለች። በአሜሪካ ሴቶችን ለ5 ዓመት በተከታተለ ትልቅ ጥናት ከሁሉ በብዛት የተነገረው ስሜት እፎይታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ከሆርሞኑ መውረድ ጋር ሊያያዝ ይችላል። እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ከ2 ሳምንት በላይ ከተዛባ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን እርዳታ መፈለግ ግድ ነው። የተገደደች፣ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን የተሸከመች፣ ወይም ከዚህ በፊት ድባቴ የነበረባት ይበልጥ ትጎዳለች።

ካርዱ ላይ የምክር ስልክ ካለ አስቀድሞ ደውሎ ማየት ነው። ጥሩ አማካሪ መጀመሪያ የደም መጠንና ትኩሳት ይጠይቃል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ገና ሳይሰማ ምን ሊሰማሽ እንደሚገባ የሚነግር ከሆነ ስልኩን ዘግቶ ሌላ መፈለግ።