ለሠርግ ምን ይዘን እንሂድ? ፖስታ፣ የቤት ዕቃ ወይስ የእጅ ሥራ

ጥር ሲገባ የጥሪ ካርዱ አንድ ብቻ አይሆንም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ሊድር ይጣደፋል። ኪሳችን ግን ያው ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናጣራ። ሙሽሮቹ የተደራጀ ቤት አላቸው ወይስ ገና ጎጆ መውጣታቸው ነው? እኛስ ምን ያህል እንቀርባቸዋለን? ለአንዱ ሠርግ ግሩም የሆነው ስጦታ ለሌላው ቁም ሳጥን ማጣበቢያ የሚሆነው በዚህ ነው።

ዋጋ ሆን ብዬ አልጻፍኩም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዛሬ የጠየቃችሁት ዋጋ ስትመለሱ ላይጠብቃችሁ ይችላል።

ፖስታ ወይስ ዕቃ?

ፖስታን የሚንቅ ሰው ደግሶ አያውቅም። ቤት ተከራይተው ለሚጀምሩ ሙሽሮች ከአዳራሹ ማግስት የሚጠብቃቸው የኪራይ ቅድሚያ፣ ፍራሽና ምድጃ ነው። ለእነሱ ብር ከየትኛውም የብርጭቆ ሴት ይበልጣል። በቴሌብር መላክም ነውርነቱ ቀርቷል፣ ከማን እንደሆነ ማስታወሻው ላይ ይጻፍ እንጂ። የፖስታ ችግሩ ያልታሰበበት መምሰሉ ነው። ለዚያም ውስጡ በእጃችሁ የተጻፈ ሁለት መስመር ማስገባት ይበቃል። «መልካም ጋብቻ» ብቻ አትበሉ፤ እሱን ወይም እሷን የምታውቁበትን አንድ ነገር ጻፉ።

ዕቃ ፖስታን የሚበልጠው የጎደላቸውን ስታውቁ ነው። ካላወቃችሁ ሁሉም የሚያመጣውን ታመጣላችሁ፤ አንሶላ፣ የስኒ ሴት፣ የግድግዳ ሰዓት። አንድ ሳሎን ስንት ሰዓት ይሰቀልበታል? ለሚዜዋ ደውሉና «ምን ጎደላቸው?» በሉ። ሚዜዎች ይህን ጥያቄ ለምደውታል።

ምጣድ ወይስ ማይክሮዌቭ?

እንጀራ ቤታቸው ለሚጋግሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ማይክሮዌቭ ያምራል፣ ለመጠቅለልም ይመቻል፣ ግን ብዙ ቤት ውስጥ ወጥ ከማሞቅ አያልፍም። ምጣድ ለመግዛት ስታስቡ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው መብራቱ ነው። ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። በተራ ኤክስቴንሽን የሚሰካ ዕቃ አይደለም፤ የራሱ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ሁለተኛው ቦታ ነው። ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲሜትር ስለሚጠጋ ጠባብ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ውስጥ ችግር ይሆናል። እንጀራ ከሱቅ ለሚገዙ ጥንዶች ምጣድ መስጠት ሥራ መስጠት ነው። ለእነሱ ማይክሮዌቩ ይሻላል።

ጋቢ ወይስ ብርድ ልብስ?

እዚህ ላይ አዳላለሁ። ከውጭ የሚመጣው ለስላሳ ብርድ ልብስ ርካሽ ነው፣ ይሞቃል፣ በየሱቁ አለ። ግን ዚፕ ባለው የላስቲክ ቦርሳው እንደታሸገ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ስንት አለ! ከማን እንደመጣ የሚያስታውስም የለም። ጥሩ ጋቢ ግን መብራት በጠፋ ምሽት ሶፋው ላይ ለሁለት ይለበሳል። «ጋቢ ለአባት ነው» የሚሉ አሉ፤ በሽምግልናው ቀን ለአባት ጋቢ ስለሚሰጥ ይመስለኛል። ወጣት ሙሽሮች ጋቢ ይዞ መምጣት የሚያስብላቸው ሰው ስለማያገኙ ነው እኔ የምመርጠው።

ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አትቁሙ። ጋቢው ታጥፎ ሳይሆን ተዘርግቶ ይታይ። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። ጠርዙን በጣታችሁ ለይታችሁ ቁጠሩት። ወደ ብርሃን ስታነሱት ሽመናው አንድ ቦታ ሳስቶ ሌላ ቦታ ከጠበቀ ተዉት። መሐል ላይ የተጋጠመበት ስፌት ሳይጨማደድ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ዋጋውም የሚጨምረው በዚሁ ነው። ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ክር ያለው የፋብሪካ ፈትል ነው። እሱም ይለበሳል፣ በእጅ ፈትል ዋጋ አትግዙት እንጂ።

ልዩ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሸማኔውን ፈልጉ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ጥለቱን እናንተ መርጣችሁ ታዛላችሁ፤ ለምሳሌ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ጋቢ። ግን አስቀድማችሁ ሂዱ። በሠርግ ሰሞን ሸማኔው የሙሽራ ልብስ ይዟል፣ የእናንተ ጋቢ ተራ ይጠብቃል።

የቡና ዕቃ

የሱቅ የስኒ ሴት ብዙ ሰው ስለሚያመጣው ተዉት። ጥሩ እንጨት ረከቦት፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጀበና፣ ማቶትና ማጨሻ አንድ ላይ ቢሰጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ጀበናውን በጣታችሁ አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ውሃ ሞልታችሁም ጥቂት አቆዩት። ከቻላችሁ አሟሽታችሁ ስጡ። ቡና ለማያፈሉ ሙሽሮች ግን ይህ ሁሉ ለሳሎን ጌጥ ነው።

ትልቅ ሞሰብም እንደዚያው፤ ውብ ነው፣ ማስቀመጫው ግን ያስቸግራል። መውጣት የሚወዱ ጥንዶች ከሆኑ በቆዳ የተለበጠ አገልግል ይሻላቸዋል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል።

ወርቅ እና መዋጮ

ወርቅ የቅርብ ዘመድ ስጦታ ነው። 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው፣ 18 ካራት ደግሞ ሦስት አራተኛው። ግራሙና ካራቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። የእጅ ዋጋው ቢሸጥ እንደማይመለስም እወቁ። ስለዚህ ብዙ ጥልፍልፍ ካለው ቀላል ሥራ ያለው ያዋጣል።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ከሆናችሁ ደግሞ በየግል አሥር ትንንሽ ዕቃ ከማምጣት ማዋጣት ይሻላል። ፍሪጅ ወይስ ልብስ ማጠቢያ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፍሪጅ። ልብስ ማጠቢያ ያለ ሮቶና ያለ በቂ የውሃ ግፊት ልብሱን ዘፍዝፎ ይቆማል።

ሙሽሮቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሌላ አሜሪካ ውስጥ ያለ ከተማ ከሆኑ የሚፈልጉትን ዕቃ ራሳቸው መዝግበው ሊንኩን ይልካሉ፣ ወይም በዜል፣ እዚያ በስልክ ብር በሚላላኩበት መንገድ፣ ይቀበላሉ። ከዝርዝራቸው አትውጡ። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ ግን ጋቢ ላኩ፤ ታጥፎ ይገባል፣ አይሰበርም። ጀበና በሻንጣ አትላኩ።

ትልቅ ዕቃ አዳራሽ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ኬክ ጠረጴዛ አጠገብ ይከመራል፣ ለሊት የሚጭነው ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም፣ ስም የተጻፈበት ወረቀትም ይረግፋል። መልሱና ቅልቅሉ ካለፈ በኋላ ደውላችሁ ቤታቸው አድርሱ። የዋስትና ወረቀቱ በሙሽራው ወይም በሙሽሪት ስም ይሁን። ደረሰኙንም አብራችሁ ስጡ፤ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ተመሳሳይ ዕቃ አምጥቶ ከሆነ ይቀይሩበታል። ሱቁ ይቀይር እንደሆነና በስንት ቀን ውስጥ እንደሆነ ግን ብሩን ሳትከፍሉ ጠይቁ።