መንኮራኩር የሚመስል ሰዓት ለማሠራት፦ የትኛው ማሽን ለማን ይሆናል?

ባለፈው ወር ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ አንድ ሰዓት ሠሪ ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት አገኘሁ። ያሰረው ሰዓት ከጠፈር መንኮራኩር ተነቅሎ የመጣ ይመስላል፦ ማዕዘን የበዛበት ጥቁር ግራጫ ቀፎ፣ ቁጥር የሌለው ፊት፣ ከመስታወቱ ሥር ሲሽከረከሩ የሚታዩ ጥርሶች። አምሮበታል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ስጠይቀው ግን ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ብዙ ሰው ሰዓት የሚያሠራው ከመልክ ተነሥቶ ነው። ፎቶ ያያል፣ ቀፎውን ይወዳል፣ ያዝዛል፤ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የውስጡ ማሽን ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይነሣል። እኔ የምመክረው ከማሽኑ መጀመርን ነው። የፊቱ ስፋት፣ የጠቋሚዎቹ ቀዳዳ፣ የመሙያው (ከጎን ያለው የሚዞረው ቁልፍ) ቦታ፣ የቀፎው ውፍረት ሁሉም የሚወሰኑት በማሽኑ ነው። ሲበላሽ ድሬዳዋ ላይ የሚጠግነው ሰው መገኘት አለመገኘቱም እንዲሁ።

ኤንኤች 35 ወይስ ሚዮታ?

የሴይኮ ምርት የሆነው ኤንኤች 35 ኦቶማቲክ ነው፤ ማለትም በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል፤ ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው 24 ጥቃቅን ድንጋዮች አሉት፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፣ ሞላው ሙሉ ሲሆን 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። በእጅም ይሞላል፤ መሙያው ሲሳብ ደግሞ ሴኮንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፋብሪካው የሚፈቅደው ስህተት በቀን ከ20 ሴኮንድ መዘግየት እስከ 40 ሴኮንድ መቅደም ነው። ይህ በወረቀት ላይ የሚያስደነግጥ ቢመስልም ጥሩ እጅ ያስተካከለው ማሽን ከዚህ በብዙ ይሻላል። የሲቲዝን ቤተሰብ የሆነው ሚዮታ 8215 በምትም በቆይታም ይቀራረበዋል፤ ድንጋዩ 21 ነው።

ልዩነታቸው የሚታየው መለዋወጫ ሲገዛ ነው። ለኤንኤች 35 በሳይንስ ልብወለድ መልክ የተሠራ ቀፎ፣ ፊትና ጠቋሚ እንደ ልብ ይገኛል፤ ለሚዮታ ምርጫው ይጠባል። ሁለቱን ማደባለቅ ደግሞ አይቻልም። የኤንኤች 35 የደቂቃ ጠቋሚ ቀዳዳ 0.9 ሚሊሜትር ሲሆን የሚዮታው 1 ሚሊሜትር ነው። በዓይን የማይለይ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ነው፤ ግን ጠቋሚው ወይ አልገባም ይላል፣ ወይ ገብቶ ይንሸራተታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያሠራ ሰው ያለ ማመንታት ኤንኤች 35ን እመርጣለሁ።

ከዚሁ ቤተሰብ ኤንኤች 38 የሚባል ቀን የማያሳይ ማሽን አለ። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ከአቆጣጠራችን ጋር ይያያዛል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው ቀን የሚያሳይ ማሽን ከመረጠ ቀኑ የሚገለበጠው ወይ ንጋት 12 ሰዓት ወይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። ምሽት ላይ ከተገለበጠ ጠቋሚዎቹን አንድ ሙሉ ዙር ወደፊት ወስዶ ወደ ንጋት ማምጣት ይቻላል። ከዚያ በኋላም ማሽኑ እስከ 31 ስለሚቆጥርና ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ አንድ ቀን መግፋት፣ ከጳጉሜን በኋላ ደግሞ እስከ 1 ድረስ ማዞር ግድ ይላል። ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በእጅ መግፋት የለብዎትም፤ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሚቆዩ ሊሰበሩ ይችላሉ። ኤንኤች 38 ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል፤ ፊቱም ያለ መስኮት ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

በዚያ ንጹሕ ፊት ላይ ምን ይጻፍ ለሚል ሰው አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ከ፩ እስከ ፲፪ ያሉት የግእዝ ቁጥሮች። ከላይና ከታች ያለው ሰረዛቸው በጥቁር ፊት ላይ በቀጭኑ በነጭ ሲታተም የመንኮራኩር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ምልክት ይመስላል። የባዕድ ፊደል ተውሶ የወደፊቱን ዘመን ከመምሰል ይህ በእውነት የራሳችን ነው፤ ደግሞም ይነበባል።

ውስጡ የሚታይ ሰዓት

ጥርሶቹ እንዲታዩለት የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ኤንኤች 70 ነው፦ የኤንኤች 35 ወንድም ሆኖ ብረቱ የተፈለፈለ፣ ጠቋሚዎቹም መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆነ። ሁለተኛው በስዊዘርላንድ ዩኒታስ 6497 ተብሎ የተጀመረው፣ በኋላ ኢቲኤ የተባለው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ሲሠራው የቆየውና ቻይናዎችም አምሳያውን የሚያወጡለት በእጅ የሚሞላ ማሽን ነው። ይህ ማሽን መጀመሪያ የተሠራው ለኪስ ሰዓት ስለሆነ ስፋቱ 36.6 ሚሊሜትር ነው።

ለውበት ከሆነ 6497 ይበልጣል። ከላዩ የሚሽከረከር ክብደት ስለሌለው ከጀርባ ሲታይ ምንም የሚሸፍነው ነገር የለም፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ትልቅ ጎማ እንደሚተነፍስ ነገር ይታያል። የቀድሞው ዓይነት በሰዓት 18,000 ጊዜ ብቻ ስለሚመታ እርጋታው ራሱ ዓይን ይይዛል። ግን ትልቅ ቀፎ ይፈልጋል፤ በቀጭን እጅ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በየማለዳው መሙላትም አለበት። ይህን እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ልማድ የሚወድ ሰው ይግዛው። ለሌላው ኤንኤች 70 ይበቃል።

የሁለቱም የጋራ ችግር ንባብ ነው። ከኋላ ሁሉም ነገር ብረት ሆኖ ሳለ ከፊትም ቀጭን የብረት ጠቋሚ ከተቀመጠ ዓይን የሚይዘው ያጣል።

በጠቋሚ ፈንታ የሚዞር ሳህን

እንደ እኔ ግምት የሳይንስ ልብወለድን መልክ በትክክል የሚሰጠው ይህ ነው። ጠቋሚዎቹ ይነሡና ቁጥር የተጻፈባቸው ስስ ሳህኖች ይገባሉ፤ በአንዲት መስኮት ወይም መስመር በኩል ሰዓቱ ይነበባል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው አሚዳ ዲጂትሬንድ የተባለ የስዊዘርላንድ ሜካኒካል ሰዓት ቁጥሮቹን በፕሪዝም አንጸባርቆ ከጎን በኩል ያሳይ ነበር፤ አሽከርካሪ እጁን ከመሪው ሳያነሣ እንዲያነበው ታስቦ ነው። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ የሚነዳ ወዳጄ ሥዕሉን ባሳየሁት ጊዜ አሠራሩ ወዲያው ገባው።

በኤንኤች 35 ላይ ሳህን የሚያስገባ ሰው የሰዓቱንና የደቂቃውን ብቻ ያስገባ፤ በተቻለ መጠንም ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ ይምረጥ። የሴኮንዱ ጎማ ጉልበቱ ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ ከባድ ሳህን ሲጫንበት ማሽኑ ይደክማል። ንባቡም በደቂቃ ትክክል አይሆንም፤ «ስድስት ሰዓት አለፍ ብሏል» ለሚለው ግን ይበቃል። ለሠራተኛ መደበኛ ሰዓት አልመክረውም፤ ለሁለተኛ ሰዓት ግን እሰየው ነው።

የአባት ሴይኮ ቢኖርስ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ሴይኮ 5 አለ፤ ፊቱን ቀለም ቀብተን፣ ቀፎውን አጥቁረን መንኮራኩር እናስመስለው? እባካችሁ ፊቱን አትንኩት። አንዴ የተፋቀ ፊት አይመለስም። ማሽኑ 7ኤስ26 ከሆነ ግን የሚያምር መፍትሔ አለ። ይህ ማሽን በእጅ አይሞላም፣ ሴኮንዱም አይቆምም፤ ቀንና ዕለት የሚያሳየው ኤንኤች 36 ግን በአብዛኛው በእሱ ቦታ ይገባል። የአባትዬውን ማሽን፣ ፊትና ጠቋሚ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ፣ በቀፎው ውስጥ አዲሱን ማሽንና አዲሱን ፊት ማስገባት። አንድ ቀን ልብዎ ቢመለስ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አዲሱ ፊት ሲታዘዝ እግሮቹ (ከማሽኑ ጋር የሚያያዙት ትንንሽ ዘንጎች) ለየትኛው መሙያ እንደተሠሩ ይጠይቁ፤ የብዙ ሴይኮ 5 መሙያ 4 ቁጥር አጠገብ ስለሆነ ለ3 ቁጥር የተሠራ ፊት ጠሞ ይቀመጣል።

ሙቀቱና አቧራው

እዚህ ከተማ የራሱ ሕግ አለ። የቆዳ ማሰሪያ ላብ ጠጥቶ ይሸታል፤ ጥሩ ጎማ ይሻላል። የቀፎ ቀለም ርካሽ ከሆነ በወራት ውስጥ ጠርዙ ይላጣል፤ በአሸዋ የተፈተገ ግራጫ ታይታኒየም ግን ሲጫርም አያሳፍርም። ክብደቱ ከማይዝግ ብረት ከ60 በመቶ በታች ስለሆነ በላብ ቀን ይታወቃል። መስታወቱ በቀላሉ የማይጫረው ሳፋየር ይሁን። በጨለማ የሚያበራው ቀለም አረንጓዴው ይበልጥ ይደምቃል፤ ሰማያዊው ለዚህ መልክ ይበልጥ ይስማማል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት እኔን ያገለገለኝ ግን አረንጓዴው ነው።

ራሱ ለሚገጣጥም ሰው አንድ ነገር ልናገር። የመጀመሪያዬን ሰዓት የሠራሁት እዚሁ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቬንትሌተር ከፍቼ ነበር። ወረንጦውን ይዤ ስጎነብስ ከግንባሬ አንዲት የላብ ጠብታ ጥቁሩ ፊት ላይ ወደቀች፤ ስትደርቅ የጨው ክብ ትታ ቀረች። ልጠርገው ስል ቀለሙ ተነሣ። የሴኮንዱን ጠቋሚ ደግሞ ነፋሱ ወሰደው፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አሁን የምሠራው ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ መስኮት ዘግቼ ነው። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥርም የጎማ ቀለበቱን እቀይራለሁ፤ ያረጀ ጎማ የደቻቱን ወንዝ አቧራ አይመልስም።

የመጋላው ወጣት ማሽን ኤንኤች 70 ነበር። የጠቋሚዎቹ መጠን ከኤንኤች 35 ጋር አንድ ስለሆነ ሰዓት ሠሪው ከመሳቢያው ሰፋፊ ነጭ ጠቋሚዎች አውጥቶ፣ አሮጌዎቹን ነቅሎ፣ አንድ በአንድ ተጫናቸው። ሥራው ከአንድ ስኒ ቡና በላይ አልፈጀም። ወጣቱ ሰዓቱን አሥሮ ክንዱን ዘረጋና «አራት ከሃያ» አለ።