ሦስቱን «የሞቱ» ሞጁሎቼን ላስነሱልኝ ጋሼ ምስጋና፣ በባዶ ሞጁል ለምትሠሩም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ማመስገን ያለብኝ ሰው ስላለ ነው። ባዶ የዋይፋይ ሞጁል (ያለ ቦርድ ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ የዋይፋይ ዕቃ) ይዛችሁ «ፈርምዌር (ሞጁሉ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም) አልጫን አለኝ» እያላችሁ የተቸገራችሁ ካላችሁ ደግሞ ዕቃውን ከመጣላችሁ በፊት ማንን ማማከር እንደምትችሉ እንድታውቁ ብዬ ነው።

ለእናቴ የውኃ ታንከሯን ደረጃ እየለካ በዋይፋይ የሚያሳውቅ ትንሽ መሣሪያ እየሠራሁ ነበር። ሙከራውን ኖድኤምሲዩ በሚባለው፣ ሞጁሉ ከነረዳት ክፍሎቹ ባለበት ዝግጁ ቦርድ ጨርሻለሁ፤ ኮዱ ይሠራል፣ ሴንሰሩም በትክክል ይለካል። ሳጥኑ ውስጥ ግን ትልቁን ቦርድ መክተት ስላልፈለግኩ ኢኤስፒ-12ኤፍ የሚባለውን ባዶ ሞጁል ሦስት ፍሬ ገዛሁ። ውስጡ ያለው ያው ኢኤስፒ8266 ቺፕ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ፍላሽም ያው 4 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ያው ኮድ ያለ ምንም ችግር ይገባል ብዬ ነበር።

አልገባም። ኮምፒውተሩ ነጥብ እየደረደረ ይጠብቅና በመጨረሻ መገናኘት አልቻልኩም ይላል። የመላኪያና የመቀበያ ገመዶቹን አቀያየርኩ፣ ኬብል ለወጥኩ፣ ሁለተኛውን ሞጁል ሰካሁ፣ ሦስተኛውን ሰካሁ። ያው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት ከእሱ ጋር ስታገል ከረምኩ። ያሳየሁት አንድ ጠጋኝ ቴስተር እንኳን ሳያነሳ «ቺፖቹ ተቃጥለዋል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ሌላ ልገዛ ተነስቼ ሳለ ነው አንድ ወዳጄ «እኚህን ሰው ሳታሳይ እንዳትጥላቸው» ብሎ ወደ ጋሼ የላከኝ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሞጁሉን አልነኩትም። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስወሩኝና «በል፣ አሁን ደግሞ እሱ ራሱ የሚለውን እንስማው» አሉ። ሞጁሉ የሚልከው ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታይበትን የሲሪያል መስኮት ከፈትኩ፤ በ115200 ባውድ (የመልእክቱ ፍጥነት ነው) የሚታየው የተመሰቃቀለ ምልክት ብቻ ነው። እኔ ያንን ምልክት የመበላሸት ማስረጃ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ጋሼ ፍጥነቱን ወደ 74880 ለወጡት፤ ወዲያው ጥርት ያለ ጽሑፍ ወጣ።

ለምን 74880? አስረዱኝ። ቺፑ ውስጥ ከፋብሪካ የተቀመጠው የማስነሻ ፕሮግራም ፍጥነቱን የሚያሰላው 40 ሜጋኸርዝ ክሪስታል (የቺፑን የሥራ ምት የሚሰጠው ክፍል) እንዳለው አድርጎ ነው፤ ሞጁሉ ላይ ያለው ክሪስታል ግን 26 ሜጋኸርዝ ነው። 115200ን በ26 አባዝታችሁ ለ40 ብታካፍሉት 74880 ይመጣል። ይህን ቁጥር ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ፤ ከየት እንደመጣ የነገረኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

መልእክቱ ላይ የቡት ሞድ (ሞጁሉ በምን ሁኔታ እንደተነሳ የሚናገር) ቁጥሩ 7 ይላል። ጋሼ እስክሪብቶ አውጥተው ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ 1፣ 2፣ 4። ሞጁሉ ሲነሳ ጂፒአይኦ የሚባሉ ሦስት እግሮችን ያነባል፤ ጂፒአይኦ 2 ከፍ ካለ (ቮልት ካለበት) 1፣ ጂፒአይኦ 0 ከፍ ካለ 2፣ ጂፒአይኦ 15 ከፍ ካለ 4 ይደመራል። ከፍላሹ እንዲነሳ ድምሩ 3 መሆን አለበት። ፈርምዌር ለመቀበል ደግሞ ጂፒአይኦ 0ን ከግራውንድ (ከ0 ቮልት መስመሩ) ስናገናኘው ድምሩ 1 መሆን አለበት። የእኔ 7 ነው። ጃምፐሩን (ከግራውንድ የሚያገናኘውን ትንሽ ማገናኛ) ጂፒአይኦ 0 ላይ አድርገን እንደገና ስናስነሳው 5 ሆነ። «አየህ» አሉ፣ «2ቷ ወጥታለች፣ ጃምፐርህ ይሠራል። 4ቷ ግን ቁጭ ብላለች።»

እኔም ተከራከርኩ። «ጋሼ፣ 15 ላይ እኮ ወደ ግራውንድ የሚወስድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጌያለሁ።»

«ሥዕሉ ላይ አድርገሃል፤ ቦርዱ ላይ መኖሩን እንይ» አሉኝና ኃይሉን አጥፍተው የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ለእኔ ሰጡኝ። ሬዚስተሩን ብቻውን ስለካው 10 ኪሎ ኦም ነው። ከሞጁሉ እግር እስከ ግራውንድ ስለካ ግን ምንም የለም። ከዚያ በማጉያ መነጽር አሳዩኝ፤ በሬዚስተሩ አንድ እግር ዙሪያ፣ ብየዳው ከእግሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ አለ። ከላይ ሲታይ ያንጸባርቃል፣ ደህና ብየዳ ይመስላል፤ ግን አልያዘም። ሦስቱንም ሞጁሎች ተራ በተራ የሰካሁት እዚያው ቦርድ ላይ ስለነበር ሦስቱም አንድ ዓይነት ሕመም አሳዩ። የተቃጠለ ቺፕ አልነበረም።

ብየዳውን እኔው እንድደግመው አደረጉኝ። መጀመሪያ እግሩንና መዳቡን አንድ ላይ አሙቅ፣ ከዚያ ብየዳውን ጨምር፣ እስኪቀዘቅዝ አታንቀሳቅስ። ቁጥሩ 1 ሆነ። መጫኑን አስጀመርኩ። የሞጁሉ ትንሿ ሰማያዊ መብራት እየተንቀጠቀጠች ብልጭ ድርግም ስትል፣ ፐርሰንቱም ከ0 ተነስቶ 100 ሲደርስ ያየሁትን ደስታ ለእናንተ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ግን ነገሩ እዚያ አላለቀም። ጃምፐሩን አንስተን ስናስነሳው ቁጥሩ 3 ነው፣ ፕሮግራሙ ይጀምራል፤ ዋይፋዩን ሊከፍት ሲል ግን ይጠፋና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ደጋግሞ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ኮዱን እያፈረስኩ ሌላ ሁለት ሳምንት አባክን ነበር። ጋሼ ኮዱን አላዩትም። «3.3 ቮልቱን ከየት ነው የምትሰጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ዩኤስቢውን ወደ ሲሪያል ከሚቀይረው ዕቃ ነበር የምወስደው። በቴስተር ስንለካው 3.3 ነው። እሳቸው ግን ኦሲሎስኮፕ (የቮልቱን ለውጥ በየቅጽበቱ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ) አገናኙበት፤ ሬዲዮው በተነሳ ቁጥር መስመሩ ጉድጓድ እንደገባ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ቴስተር አማካዩን ስለሚያሳይ ይህችን ቅጽበት አያያትም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእኔ መቀየሪያ በኤፍቲ232አርኤል ቺፕ የተሠራ ነው፤ የዚህ ቺፕ 3.3 ቮልት እግር የሚችለው 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ኢኤስፒ8266 በዋይፋይ ሲልክ ግን በአምራቹ ዳታሺት መሠረት እስከ 170 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ አምራቹ ራሱም 500 ሚሊአምፔርና ከዚያ በላይ መስጠት የሚችል ምንጭ እንድንጠቀም ይመክራል። ፈርምዌር ሲጫን ሬዲዮው ስለማይሠራ ችግሩ ያኔ አይታይም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ጫንኩት፣ ግን አይሠራም» የሚለው። ጋሼ 5 ቮልቱን ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርድ ኤኤምኤስ1117 የሚባል ሬጉሌተር አስገቡልኝ፤ ከሞጁሉ ሥር 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከኃይል እግሩ አጠገብም ትንሽ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ጨመሩ። ከመቀየሪያው የመላኪያ፣ የመቀበያና የግራውንድ ገመድ ብቻ ቀረ። ግራውንዱን እንዳልረሳ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል፤ ሁለቱ ምንጮች ግራውንድ ካልተጋሩ መልእክቱ ትርጉም የለውም። ሞጁሉ ከ3.6 ቮልት በላይ ስለማይችል 5 ቮልቱ በስህተት እንዳይነካውም መስመሩን በቀይ ምልክት አደረጉበት።

የሞጁሉ አንቴና ከቦርዱ መዳብ በላይ እንዳይሆን ጫፉን ወደ ውጭ እንዳወጣውም ነገሩኝ። ሳልጠይቃቸው ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ጥገናው አይደለም። እኔ የማስበው ሞጁሉ ሞቷል ወይስ አልሞተም በሚል ብቻ ነበር። እሳቸው ያሳዩኝ መንገድ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ቮልቱ፣ ከዚያ ኢኤን (ሞጁሉን የሚያበራው እግር) እና ሪሴት (እንደገና የሚያስነሳው እግር) ከፍ ብለው መቀመጣቸው፣ ከዚያ ሦስቱ እግሮች፣ ከዚያ በ74880 የሚወጣው መልእክት፣ ኮዱ መጨረሻ ላይ። ኖድኤምሲዩ ላይ እነዚህን ሁሉ ቦርዱ ራሱ ይሠራልናል፤ ሬጉሌተሩ አለ፣ ሬዚስተሮቹ አሉ፣ ጂፒአይኦ 0ን በራሱ ዝቅ የሚያደርጉ ሁለት ትራንዚስተሮች አሉ። ስለዚህ መኖራቸውን ሳናውቅ እንኖራለን። ሌሎቹን ሁለት ሞጁሎች ቤት ወስጄ በዚሁ ቅደም ተከተል ብቻዬን ጫንኳቸው። ሦስቱም ደህና ናቸው።

አዲስ ሞጁል ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ መደርደሪያቸው ላይ አለ። እኔም ያለ ጥያቄ እገዛ ነበር። ያስከፈሉኝ ግን የሠሩበትንና የጨመሩትን ዕቃ ብቻ ነው። የተቃጠለ ነው የተባለውን ዕቃ ለክተው «ደህና ነው፣ ያዘው» የሚል ባለሙያ ስታገኙ ሌሎችም እንዲያውቁት ማድረግ ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ከሆነ ሞጁሉን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቦርዱን፣ ኬብሉን፣ መቀየሪያውንና ኃይል የምትሰጡበትን ዕቃ እንዳለ ውሰዱ፤ ችግሩ ያለው ብዙውን ጊዜ እነዚህ መካከል ነው። የሳላችሁትን ሥዕልም አትርሱ። ኮድ አይጽፉም፣ ይህን በግልጽ ይናገራሉ። ሥራ ስለሚበዛባቸው ተራ መጠበቅ አለ፤ አጠገባቸው ቆማችሁ ብትጠይቁ ግን አይሰለቹም፣ እንዲያውም ቴስተሩን ለእናንተ ይሰጧችኋል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፦ መሣሪያው እናቴ ቤት ተሰቅሏል፣ ታንከሩ ሊያልቅ ሲል ስልኳ ላይ መልእክት ይደርሳታል። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።